አንዲት ሳንቃ

ባሕር ዳርን ጐብኝቶ የተመለሰ ሰው የሚያወራውን አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ። አንዱ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ያነሣል፤ ሌላው በዘንባባ ስለ ተሸለመው ጎዳና ይተርካል፤ ሦስተኛው ፀሐይ በጣና ላይ ስትጠልቅ ያየውን ቀለም ሊናገር ሲል ቃል ያጥረዋል። ስለ ደሴቶቹ ገዳማትም ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም ከሐይቁ ዳር እስከ ጀልባው አፍንጫ ድረስ ስላለችው አንዲት እርምጃ ነው።

«ይህም ቁም ነገር ሁኖ ይጻፋልን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ራሴ እስከ ባለፈው ዓመት ጥር 7 ቀን ድረስ ያችን እርምጃ ከምንም ቈጥሬአት አላውቅም ነበር። ጕልበቱ ያልደከመ ሰው እርምጃ አይቈጥርም።

የከፍተኛ ትምህርቴን ጨርሼ በዚህ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዕድሜዬም ሃያ ስድስት ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለ ሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። እርሷም በጎጃም ገጠር ጠላ እየጠመቀችና ጥጥ እየፈተለች ደብተርና እርሳስ ገዝታልኛለች። ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ በጽኑ ታምሜ ነበርና፥ «ልጄ ድኖ፥ ተምሮ፥ ለወንበር ቢበቃልኝ ናርጋ ሥላሴ ድረስ ሄጄ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። እኔ ዳንሁ፤ ተማርሁ፤ ወንበርም አገኘሁ። የቀረው ስለቱ ብቻ ነበር።

ናርጋ ሥላሴ በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚገኘውም በደቅ ደሴት አጠገብ ሲሆን፥ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል በግድግዳው ላይ አለ። እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች የተከለከለ አይደለም። ነገር ግን ደሴት ነውና በእግርም በመኪናም አይደረስበትም። ሥላሴን በናርጋ ለመሳለም የሚሻ ሁሉ ጀልባ መሳፈር አለበት።

እንግዲህ በዓመታዊው የሥላሴ በዓል ጧት ከእናቴ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። እናቴ አዲስ ነጠላዋን ደርባ፥ በነጭ ጨርቅ የጠቀለለችውን ጃንጥላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ጀልባው አፍንጫውን ወደ ዳር አዙሮ፥ ከፊቱ በአንድ ገመድ ከዛፍ ሥር ታስሮ፥ ከኋላው መልሕቅ ጥሎ ቆሟል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ታላቅ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነው። ዳር ዳሩማ ድንጋይና ጭቃ ነው። ጀልባ ደግሞ የሚያሽከረክረው ሞተርና የሚመራው መሪ ከኋላው ስለ ሆነ ጀርባውን ለድንጋይ መስጠት አይችልም። ስለዚህ እንግዳውን የሚቀበለው በፊቱ ነው። ፊቱም ከጀልባው አካል ሁሉ ይልቅ ከፍ ያለው፥ ይልቁንም የጠበበው ወገን ነው። ከቆምንበት ድንጋይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለመወጣጫ ያለው ነገር ቢኖር ከአፍንጫው ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ጎማ ብቻ ነበር።

ወጣቱ ሁሉ ጎማውን ረግጦ እየዘለለ ገባ። እኔም ከሁሉ አስቀድሜ ዘለልሁ። ከውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ስላገኘሁ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ወሬ ጀመርን። የእናቴን ድምፅ የሰማሁትም በዚህ መካከል ነው። ዞር ስል አንድ እግሯ በጎማው ላይ፥ አንድ እግሯ በድንጋዩ ላይ ነበር። ጎማው ዞረ፤ ጀልባው ወደ ኋላ ሸሸ፤ በመካከሉ ያለው ውኃ ሰፋ። እናቴም እስከ ጕልበቷ ውኃ ውስጥ ወረደች። ጃንጥላው ከእጇ አምልጦ በጭቃው ላይ ወደቀ።

አንድ ጎልማሳ ከላይ ሁኖ ሁለት እጆቿን፥ ሌላው ከታች ሁኖ ወገቧን ይዘው ሊያነሧት ሞከሩ። በበጎ ሐሳብ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር፤ ከጀልባው ውስጥም የሳቀ ሰው ነበረ። እናቴ እጆቿን አስለቅቃ ነጠላዋን አስተካከለችና እንዲህ አለች፦

«ተዉኝ ልጆቼ። እንደ ጆንያ ተጐትቼ ሥላሴ ደጅ አልቆምም።»

እኔም ወረድሁና ይዣት ወደ ቤት ተመለስሁ። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ጃንጥላውን አጥባ በግቢው ውስጥ ዘርግታ አደረቀችው፤ በጫፉ ላይ ያለው የጭቃ ምልክት ግን አልለቀቀም። በሦስተኛው ቀን ወደ አገሯ ስትሳፈር፥ «ሥላሴ ካልፈቀዱ ምን ይደረጋል» አለችኝ። እኔ ግን ያልፈቀዱት ሥላሴ እንዳልሆኑ ልቤ ያውቅ ነበር።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሳፈረኝ የእናቴ መውደቅ ብቻ አልነበረም፤ ያወደቃትን ነገር በሚገባ የማውቀው መሆኔ ነው። ይህን ደግሞ በየዓመቱ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አስተምረዋለሁ። ኒውተን በ1687 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ፥ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት እንዳለው ገልጿል። ለዚህም የምሰጠው ምሳሌ ምን መሰላችሁ? ከጀልባና ከዳር መካከል የሚራመድ ሰው ነው! በሰሌዳው ላይ ጀልባ እሥላለሁ፤ ሰውዬውን እሥላለሁ፤ ሁለት ቀስቶችንም ወዲህና ወዲያ አሰምራለሁ። ሰውዬው በእግሩ ሲገፋው ጀልባው ይሸሻል። ተማሪዎቼም ይህን ጽፈው ከ10 አሥር ያገኛሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከሐይቁ ዳር ሰፈር የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፥ «መምህር፥ ታዲያ ጀልባው እንዳይሸሽ ምን ይደረጋል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም የመለስሁላት፥ «ይህ ለፈተና አይመጣም» ብዬ ነው። ለፈተና የማይመጣው ጥያቄ ለእናቴ መጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ባለ ጀልባው ሄድሁ። ዕድሜውን በውኃ ላይ የፈጀ፥ ጺሙ የሸበተ፥ ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚለው ሽማግሌ ነው። «ጋሼ፥ ለጀልባዎ መውጫ ላሠራልዎ እፈልጋለሁ» አልሁት። ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝና፥ «እናትህ የወደቁብህ መምህር አይደለህምን? እስቲ ሥራና እናያለን» አለኝ።

የመጀመሪያው ሥራዬ መሰላል ነበር። በወር ደመወዜ ላይ ቈርጬ ብረት አስበየድሁ፤ በጀልባውም አፍንጫ ላይ አንጠለጠልሁት። ያላሰብሁት ነገር ግን የጀልባ አፍንጫ እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ያለ አለመሆኑን ነው። ከላይ ወደ ፊት የወጣ፥ ከታች ወደ ኋላ የሸሸ ነው። ስለዚህ መሰላሉ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሽማግሌው ራሱ ሊሞክረው እግሩን ባሳረፈ ጊዜ መሰላሉ ወደ ጀልባው ሆድ ሥር ገባ፤ እግሩ ወደ ፊት፥ ጀርባው ወደ ኋላ ሁኖ እንደ ዝንጀሮ ተንጠለጠለ። በዳር የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እርሱም አብሮ ሳቀና፥ «መምህር፥ ይህስ ለሌባ መከላከያ ይሆነናል» አለኝ።

ሁለተኛው ሥራዬ ሳንቃ ነበር። ሐሳቡ ከፊዚክስ መጽሐፍ የወጣ ነው። አንድ ሜትር ከፍታን በአንድ ጊዜ መውጣት ለደካማ ጕልበት ጭንቅ ነው፤ ያንኑ አንድ ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ሳንቃ ላይ ቀስ እያሉ ቢወጡት ግን ሸክሙ ለብዙ ትንንሽ እርምጃዎች ይከፋፈላል። ይህን ተዳፋት እንለዋለን። ከአንድ አናጢ ዘንድ ወፍራም ሳንቃ አሠርቼ፥ እንዳይንቀሳቀስ ብዬ አንዱን ጫፍ ከጀልባው ጋር፥ ሌላውን ጫፍ በዳር ከተከልሁት ግንድ ጋር በምስማርና በገመድ አጥብቄ አሰርሁት። ከረፋዱ ድረስ መልካም ነበር። ጣና ጧት እንደ መስተዋት ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ሞገድ ይጀምራል። ሞገዱ በመጣ ጊዜ ጀልባው ተነሣ፥ ወረደ፥ ወደ ጐን ዞረ፤ ግንዱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሳንቃዬም በሁለቱ መካከል ሁና ከወገቧ ጧ ብላ ተሰበረች።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው አልሳቀም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፥ ጀልባ ከብት ነው። ከብትን በአንድ ገመድ ታስረዋለህ እንጂ አራት እግሩን ጠፍረህ ሣር ጋጥ አትለውም። ሳንቃህን ከከብቱ ጋር እሰራት፤ ከመሬቱ ጋር ግን አታጣላት። ጀልባው ሲሄድ ትሂድ፥ ሲመጣ ትምጣ።»

እኔ በትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ቈይቼ ያላገኘሁትን ነገር በአራት ዐረፍተ ነገር ነገረኝ። ኋላም መጽሐፍ ሳገላብጥ፥ በሜዲቴራንያን ባሕር ወደቦች በአፍንጫቸው ወይም በኋላቸው የሚታሰሩ ጀልባዎች መሸጋገሪያቸው ከጀልባው ጋር ብቻ እንደሚታሰርና በዳር በኩል ያለው ጫፍ ትንሽ መንኰራኩር እንደሚኖረው አየሁ። ሽማግሌው ያንን መጽሐፍ አላነበበም፤ ጀልባውን ግን አንብቦታል።

ሦስተኛዋ ሳንቃ በዚህ ምክር ተሠራች። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ተኩል፥ ስፋቷ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንዱ ጫፏ ሁለት ቀዳዳ አስበስተን በገመድ ከጀልባው አፍንጫ ጋር አሰርናት። በሌላው ጫፏ ከተሰበረ የእጅ ጋሪ የተገኘ መንኰራኩር ገባባት፤ ጀልባው ሲንቀሳቀስ በድንጋዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ትንከባለላለች እንጂ አትሟገትም። በላይዋም እግር እንዳያንሸራትት በየአንድ ጫማው ቀጫጭን እንጨት በአግድም ቸነከርንባት።

ይህ ሁሉ ሁኖ አንድ ነገር ጐደለ፤ ይኸውም የእጅ መደገፊያ ነው። መርከበኞች «አንድ እጅህን ለመርከቡ፥ አንድ እጅህን ለራስህ አድርግ» የሚሉት አነጋገር አላቸው። ሰው ከፍ ባለና በሚወዛወዝ ነገር ላይ ሲራመድ የሚፈራው እግሩ ሳይሆን ባዶ እጁ ነው። ለዚህም መፍትሔው ከሽማግሌው ልጅነት ተገኘ። እርሱ በልጅነቱ የሚያውቀው የደንገል ታንኳ ነው። ታንኳ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል በእስር በእስር ታስሮ ይሠራል፤ በዚህ ሥራም ከጥንት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ሰው ይወርድበታል እንጂ አይወጣበትም። ባለ ታንኳውም እንግዳ በሚሳፈርበት ጊዜ ረጅም ዘንጉን በሐይቁ ወለል ላይ ተክሎ ይይዛል፤ በዚህም ታንኳይቱ አትሸሽም፥ እንግዳውም ዘንጉን ይደገፋል። «ሞተር ሲመጣ ዘንጉን ጣልነው» አለኝ ሽማግሌው፤ «ሞተሩ ፍጥነት ሰጠን፥ ከፍታም ሰጠን፤ መያዣውን ግን ወሰደብን።» ከዚያ ቀን ወዲህ ረዳቱ ልጅ ከሳንቃይቱ ጐን ረጅም ዘንግ ተክሎ ይቆማል።

ይህን ስሰማ ስለ ጣና ደንገል ያነበብሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና የታጨደ ደንገል ወደ ግብፅ አስወስዶ፥ ከቻድ በመጡ ባለሙያዎች እጅ «ራ» የተባለች ጀልባ አሠራና ከሞሮኮ ጠረፍ ተነሥቶ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊሻገር ሞከረ። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከእንዲህ ያለች ጀልባ የኋላ ጫፍ ወደ ወለሏ የተዘረጋ ገመድ ይታያል። በ«ራ» ላይ ግን ያ ገመድ አልተደረገም ነበር። ጀልባይቱም ብዙ ባሕር ካቋረጠች በኋላ ኋላዋ እየዘቀጠ ስለ ሄደ ጕዞዋን ሳትጨርስ ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛይቱ «ራ» ተሠርታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። አሮጌው ሰው ያስቀመጣትን ገመድ፥ ምን እንደምትሠራ ሳያውቁ መጣል እንዴት ያለ ጥፋት ነው!

ዓመቱን ሙሉ ሳንቃይቱን ስንፈትናት ሌላም ትምህርት አገኘን። በከተማችን አንዳንድ ሰዎች፥ «ለምን በዳር ላይ የድንጋይ ደረጃ አይሠራም?» ይሉናል። በትልቅ ወደብ ላይ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የጣና ውኃ በአንድ ቦታ አይቆምም። ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በሰኔ ደግሞ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በ1988 ዓ.ም. የዓባይን መውጫ የሚቈጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም የሚመራ ሁኗል። በሰኔ 1995 ዓ.ም. ውኃው ከመጠን በላይ ወርዶ መርከቦቹ አራት ወር ያህል ሥራ አቁመው ነበር። በጥር ልክ የተሠራ ደረጃ በጥቅምት ከውኃ በታች፥ በሰኔ ከጭቃ በላይ ሁኖ ይገኛል። የየደሴቱ ማረፊያም እንደየመልኩ የተለያየ ነው። ስለዚህ ደረጃው ከዳሩ ጋር የሚቀር ሳይሆን ከጀልባው ጋር የሚሄድ መሆን አለበት። እኛም በሰኔ ከሳንቃይቱ ጫፍ በታች ጭቃው እንዳይውጣት ሰፊ ጠፍጣፋ እንጨት እናነጥፋለን፤ በጥቅምት ግን ውኃው ጀልባውን እስከ ሣሩ ስለሚያመጣው ሳንቃይቱ ወጣ ያለ አግዳሚ ወንበር ትመስላለች።

ዘንድሮ ለጥር ሥላሴ እናቴን ለማምጣት ሦስት ጊዜ ላክሁባት። «አንድ ጊዜ ታይቷል» እያለች እምቢ አለች። በመጨረሻ እኔው ራሴ ሄጄ፥ «ስለቱ የእኔ ሕይወት ነው፤ ዕዳ አድርገሽ ልትተይብኝ ነውን?» ብላት ተነሣች። ጃንጥላውንም በዚያው ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ያዘች። «አዲስ ልግዛልሽ» ብላት፥ «ያዩት ይህን ነው፤ ሥላሴ ያውቁታል» አለችኝ።

ከሐይቁ ዳር ስንደርስ ሰው ብዙ ነበር። ረዳቱ ልጅ ሳንቃይቱን አወረደ፥ ዘንጉንም ተከለ። እናቴ ጥቂት ቆማ ተመለከተችው። ከዚያም ጫማዋን አውልቃ፥ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደምትረግጥ ሁሉ አማተበችና ቀኝ እጇን በዘንጉ ላይ አሳረፈች። በግራዋ ጃንጥላዋን ታቅፋለች። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለች በየቸነከርናቸው እንጨቶች ላይ ወጣች። በመካከል አንድ ሞገድ መጥቶ ጀልባውን ነቀነቀው፤ መንኰራኩሩ አንድ ስንዝር ያህል ተንከባለለና ቆመ። እናቴም ቆመች፤ ደግሞም ሄደች። ማንም አልነካትም። ነጠላዋም ከትከሻዋ አልወረደም።

ሽማግሌው ብድግ ብሎ፥ «እንኳን ደኅና መጡ እናታለም» ብሎ መቀመጫ ሰጣት። ከእርሷም በኋላ አንዲት መነኵሲት፥ አንድ ምርኵዝ የያዙ ሽማግሌ፥ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት በየተራ ወጡ። ለካስ ሳንቃይቱን የምትሻ የእኔ እናት ብቻ አልነበረችም። ሌሎቹም እስከዚያ ድረስ ወይ ተጐትተው ይገቡ፥ ወይ ከቤታቸው ይቀሩ ነበር። የቀረ ሰው ደግሞ ከዳር ላይ ስለማይታይ ማንም አይቈጥረውም።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አብዛኞቻችሁ ተማሪዎች ወይም እንደ እኔ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። እያንዳንዳችሁም በመሥሪያ ቤታችሁ ደጅ ላይ አንዲት እርምጃ አለች። ለአንዱ ከፍ ያለ መስኮት ናት፤ ለሌላው ባለጕዳይ የማይገባው ቅጽ ናት፤ ለሌላው ደግሞ «ይህ ለፈተና አይመጣም» ተብሎ የታለፈ የተማሪ ጥያቄ ናት። እኛ ስለ ዘለልናት አናያትም። የእኔን ሳንቃ ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ከአንድ ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ ዕውቀቱም ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍና ከአንድ ሽማግሌ ምክር አይበልጥም። የዘገየው ዕውቀት አጥቼ አይደለም፤ ዞር ብዬ ስላላየሁ ነው። በዚህ ዓመትም የኒውተንን ትምህርት ስደርስ፥ ያችን ጥያቄ ራሴ በሰሌዳው ላይ ጽፌ ክፍሉን ጠየቅሁት፤ ትምህርቱም በዚያው ጥያቄ ላይ አለቀ።

ናርጋ ደርሰን ጃንጥላው ገባ። ጭቃ የነካው ጫፉ በፀሐዩ ላይ ይታይ ነበር፤ ካህኑም በደስታ ተቀበሉት። በመልስ ጕዞ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት እናቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስለ ሳንቃይቱ አንድ ቃል ትናገር እንደ ሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ምስጋና ይወዳልና። እርሷ ግን ውኃውን ስታይ ቈይታ እንዲህ ብቻ አለችኝ፦

«ዛሬ ቀድመኸኝ አልዘለልህም።»